እሳት የማይበላው ጓንት

ትናንት ለእናቴ ሐኪም ቤት የምትለብሰውን ነጠላ ከሳንዱቋ ስፈልግ የአባቴ ጓንት እጄ ገባ። አንዱ ብቻ ነው፤ ጓደኛው የት እንደገባ እንጃ። ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የሚሻክር። ቶሎ ብዬ በፕላስቲክ ጠቀለልኩትና እጄን ታጠብኩ። ልጅ ብሆን ኖሮ ፊቴ ላይ አድርጌ አሸተው ነበር።

አባቴ ሙያውን የተማረው ጅቡቲ ሳይመጣ፣ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ነው። ሥራው ትኩስ ቧንቧ ሙቀቱ እንዳያመልጥ እንደ ጓንቱ ባለ ነጭ ነገር ማልበስ ነበር። እዚህም ወደብ ላይ፣ የነዳጅ ጋኖቹ ካሉበት ግቢ ያንኑ ሥራ ያዘ፤ ጥቁሩ ነዳጅ እንዳይረጋ በእንፋሎት የሚሞቁትን ቧንቧዎች አሮጌውን ልብስ እየገፈፈ አዲስ ያለብሳቸዋል። ቤታችን ያኔም አርሂባ ሰፈር ነበር።

አንድ ቀን ጓንቱን አጠለቀና ከእናቴ ማንደጃ ፍም ዘግኖ አወጣ። ዘገነ እኮ ነው የምላችሁ! የጎረቤት የሶማሌና የአፋር ልጆች በር ላይ ተኮልኩለዋል። ፍሙ መዳፉ ላይ ይቀላል፣ አባቴ ይስቃል። "ወላሂ፣ አባትሽ ጂኒ አለው!" አለኝ አንዱ፤ ሌላው እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። በዓለም ላይ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ያን ፍም ሳስብ ደረቴን ሞቅ ይለኛል።

ጥንቁቅ ሰው ነበር። ዘይት የነካው ጫማ ደጅ ያድራል፤ ነዳጅ የሸተተ ልብስ ከበር አያልፍም። "ነዳጅ ቤት ያቃጥላል" ይል ነበር። ከቧንቧው ልብስ የሚረግፈውን ነጭ አቧራ ግን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። እሳት የማይደፍረው ነገር ምን ክፉ ያመጣል? ይራገፋል፣ አለቀ።

እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋና ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ሲፈልግ፣ አባቴ ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ ይመጣል። እናቴ ቱታውን ተቀብላ በሩ ላይ ታራግፈዋለች። በበሩ በሚገባው ፀሐይ አቧራው ብልጭ ብልጭ እያለ፣ መሬት ሳይወርድ ተንሳፍፎ ይቆያል። አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። ውብ ነበር፤ ምን ብዬ ልዋሽ። "እኔም ላራግፍ" ብዬ ስለምናት እናቴ በክርኗ ትገፋኛለች።

"ዞር በይ! የትምህርት ቤት ልብስሽን ልታቆሽሺው ነው?"

ስንት ቀን አኩርፌያታለሁ።

አምና እናቴን ሳል ያዛት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ነው አልን። በኋላ ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃታት። ሐኪሟ የሳንባዋን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችና በፈረንሳይኛ ጠየቀች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። "ነዳጅ ግቢ ሠርተዋል?"

እናቴ ሳቀች። "እኔ? በሩንም አላውቀው።"

"እሺ፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ልብስ ያራግፉ ነበር?"

ያን ነጭ አቧራ ሐኪሟ አሚያንት አለችው፤ አስቤስቶስ ማለት ነው፣ የቧንቧው ልብስም ጓንቱም የተሠሩበት። ብናኙ ሳንባ ከገባ አይወጣም፣ ስንት ዓመት አድፍጦ ነው የሚነሣው አለች። እናቴ የተረጎምኩላትን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እጄን ያዘችና፣ ሐኪሟን እያየች፣ በአማርኛ፦

"እኔ ብቻ ነኝ ያራገፍኩት። እሷን አላስነካኋትም። ንገሪያት" አለች።

ነገርኳት።

አባቴን እስከ ዛሬ ሳል እንኳ አልነካውም። እሱን የሚገድለው ይሄ ነው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን ቢወጣ ዓሣ ሊገዛ ነው። ግን ሲመለስ ደጅ ቆሞ ሸሚዙን ያራግፋል፣ ሽርጡን ያራግፋል፣ ደግሞ እንደገና ሸሚዙን። ዓሣው በፀሐይ እስኪሸት ይቆማል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች። ያለቻትን ትንፋሽ ሰብስባ ትጣራለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ንጹሕ ነህ እኮ። ግባ።"