አክስቴና ብሎን የተባለችው ዳክዬ

የአክስቴ ባል አክስቴን ለምን «ብሎን» ብሎ ይጠራት ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ ብዬ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ እኔም በቃሌ እወጣዋለሁ። ዛሬ ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም።

አክስቴ ልብስ ተኳሽ ናት። የምትሠራው ከዋናው መንገድ ዳር ካለ ላውንደሪ ጓሮ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ላብ ሲያልበው በሚውል ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሸሚዝ ስትተኩስ ከኮሌታው ትጀምራለች፤ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፤ ደረቱን የምትተወው ለመጨረሻ ነው። አጭር ናት። ዳሌዋ ሰፊ፣ አረማመዷ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ ድምፅዋ ከካውያው ፉጨት በላይ የሚሰማ። ይህን የምጽፈው ላማት ፈልጌ አይደለም። ወንድሟ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ቀድቶ ዳክዬ ላይ ስለለጠፈው ነው።

ወንድሟ፣ ማለትም ትንሹ አጎቴ፣ የአኒሜሽን ፊልም ሠሪ ነው። አያቶቼ ሲሞቱ ገና ልጅ ስለነበር ያሳደጉት እሷና ባሏ ናቸው። ባሏ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አጎቴ ሥዕል የጀመረው እነሱ ቤት፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ እሷ ከላውንደሪው ይዛለት በምትመጣው የሸሚዝ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። ይህንን እስከ ዛሬ ለጋዜጠኛ ሲናገር አልሰማሁም።

የስሙ ታሪክ በቤታችን እንዲህ ይወራል። አክስቴና ሾፌሩ ገና ሳይተዋወቁ፣ እሷ ተሳፋሪ ሆና ሳለ፣ አውቶቡሱ ዳገት ላይ ቀጥ ይላል። የዳይናሞው ብሎን ወልቆ መንገድ ላይ ወድቋል። ተሳፋሪው ሾፌሩን ይሰድባል፤ ገሚሱም ሌላ መኪና ለምኖ ይሄዳል። እሷ ግን ማንንም ሳታማክር፣ ዓይኗን አስፋልቱ ላይ ተክላ፣ በመጡበት መንገድ ቁልቁል ትመለሳለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብሎኑን በጭብጧ ይዛ «አገኘሁት! አገኘሁት!» እያለች ዳገቱን ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ እናትና አባቷ ባወጡላት ስም ጠርቷት አያውቅም። ስሟ ብሎን ሆነ። ያውም ቤት ውስጥ፣ የቤተሰብ ጆሮ ባለበት ብቻ። እሱ ከሞተ በኋላ በዚያ ስም የሚጠራት ጠፋ፤ ማናችንም አንደፍርም ነበር።

የአጎቴ ፊልም «የኩሬው ጎረቤቶች» በቴሌቪዥን የታየ ቀን ሁላችንም ሳሎን ተሰበሰብን። አክስቴ ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ «ነገ» የተባለ ኤሊ ብቅ አለ። በሳቅ ፈረስን። ነገ የሰፈራችን የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ መቼም ይጠራ መቼ «ነገ እመጣለሁ» ስለሚል የወጣለት ቅጽል ስም ነው። ቀጥሎ «ክቡርነትዎ» የተባለ ሆዳም እንቁራሪት መጣ። ያ ደግሞ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ካልሰጡት አያስገባም ነበር። አክስቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ አንዲት ዳሌ ሰፊ ዳክዬ ከሣሩ ውስጥ እየተንገዳገደች ወጣች። መንገድ ላይ ያገኘችውን ጥራጊ ሁሉ እያነሳች «አገኘሁት! አገኘሁት!» ትላለች። የኩሬው እንስሳትም በአንድ ድምፅ «ብሎን! ደግሞ ዛሬ ምን ለቀምሽ?» ብለው ይሳለቁባታል።

እናቴ ሪሞቱን መፈለግ ጀመረች።

«ተዪው» አለቻት አክስቴ።

እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያልቅ ተነሥታ ራሷ አጠፋችውና «እንኳን ደስ ያለህ በሉት» ብላ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቃት። የምንኖረው አንድ ቤት ነው፣ የእኔ ክፍል ከእሷ ክፍል ጎን ነው፤ መጽሐፍ ይዤ ሳመሽ ከግድግዳው ወዲያ ስትንጎራደድ እሰማታለሁ።

ፊልሙ ተወደደ፤ ዳክዬዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተወደደች። ቦርሳ ላይ ወጣች፣ ደብተር ላይ ወጣች፣ የሕፃናት ካልሲ ላይ ወጣች። የሰፈሩ ልጆች አክስቴ ከሥራ ስትመለስ አረማመዷን አይተው «ብሎን! ምን ለቀምሽ?» እያሉ ይከተሏት ጀመር። የሚያቃጥለው ነገር እነሱ ምንም አለማወቃቸው ነው። ስሟ መሆኑን ቢያውቁ ስድብ ነው ይባል ነበር። ልጆቹ ግን እሷ ዳክዬዋን መሰለች ብለው ነው።

ቀጥሎ ተንታኞቹ መጡ። አንዱ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አንጠልጥሎ «የገጸ ባሕርያቱ ስሞች ድብቅ ትርጉም» የሚል ረጅም ቪዲዮ ለቀቀ። «ነገ» የሕዝብ የማይሞት ተስፋ ምልክት ነው አለ። «ክቡርነትዎ» የሥልጣንን ባዶነት ያሳያል አለ። «ብሎን» ደግሞ በግዙፍ ማሽን ውስጥ የጠፋው ዘመናዊ ሰው ነው አለና መነጽሩን ከፍ አደረገ። እኔ ብቻዬን ስልኬ ላይ ጮኽኩበት። የቧንቧ ሠራተኛችንን አንድ ቀን ጠብቆት ቢያውቅ ኖሮ ስለ ተስፋ ባልተናገረ!

የእሱ እንኳ ይሁን፤ ባዳ ነው። አጎቴስ? ከጥቂት ቀን በኋላ በሬዲዮ «ብሎን የሚለው ስም ከየት መጣ?» ተብሎ ተጠየቀ። ጉሮሮውን ጠራረገና «ከረጅም ጥናት በኋላ የደረስኩበት ስም ነው፤ ብሎን እያንዳንዳችን ነን» አለ። ላውንደሪው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ የሚከፈት ሬዲዮ አለ። አብራት የምትሠራው አጣቢ እንደነገረችኝ፣ አክስቴ ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሽታው ሲመጣ ነው የነቃችው። የካውያው ቅርጽ ነጭ ሸሚዝ ደረት ላይ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። በሥራ ዘመኗ ልብስ አቃጥላ አታውቅም።

በማግስቱ «ና፣ የወንድሜን ቢሮ አሳየኝ» አለችኝ። ከመኪና ዕቃ መደብር በላይ ያለ ፎቅ ነው። ግድግዳው ላይ ዳክዬዋ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ተሥላ ተለጥፋለች፤ ከኋላ የተሣለችው ትልቋ ናት። ድምፅ እንዳይገባ በእንቁላል ካርቶን ከተሸፈነች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ድምፅ ሰጪ «አገኘሁት!» ትላለች፤ አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶን ያርማታል።

«አይሆንም። ትንሽ ጎርነን፣ ትንሽ መሃይም መሃይም አድርጊው።»

አክስቴ በሩን በመዳፏ ደበደበችው። አጎቴ ዘወር ሲል ፊቱ አመድ መሰለ።

«እትዬ! ምነው ሳትደውዪ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው ወንድሜ ዘንድ በቀጠሮ የምገባው? ወይስ ክቡርነትዎ ልበልህ? ለካ እሱንም ለእንቁራሪት ሰጥተኸዋል።»

ወጣቷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«ተቀመጪ፣ ሻይ ላስመጣልሽ።»

«ሻይህን ለዳክዬህ አጠጣት። ስሜን መልስልኝ። ለሌላ ነገር አልመጣሁም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ በፍቅር ነው። ለሱ መታሰቢያ እንዲሆን ብዬ...»

«እና መታሰቢያው በሬዲዮ ሲጠየቅ የት ገባ? ጥናት! የምን ጥናት? ያጠናኸው እኔ ሳሎን፣ ሶፋዬ ላይ እግርህን ሰቅለህ አይደለም?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? እህቴ...» አለና አቆመ።

«ጨርሰዋ!»

አልጨረሰውም። እኔ በሆዴ ጨረስኩለት፦ እህቴ ልብስ ተኳሽ ናት፣ ባሏም ሾፌር ነበር። አንደበቱ ላይ የተቀረቀረው ይኼ ነው። በዚያ ሰዓት አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

«ስሙን መቀየር አይቻልም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሁለተኛውን ፊልም እየሠራን ነው። ስሙ ተመዝግቧል፤ በሕግ የድርጅቱ ነው።»

«ስሜ የድርጅት ሆነ?»

«ያንቺ ሳይሆን የገጸ ባሕርይዋ...»

«እንግዲያ ባሌ ከመቃብር ተነሥቶ ቢጠራኝ አንተን ፈቃድ ይጠይቃል በለኛ!»

ማንም አልሳቀም። አክስቴ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትልቋን ዳክዬ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ወይ ስሙን አውርደው፣ ወይ ከየት እንዳመጣኸው ተናገር። አንዱንም ካላደረግህ እህት አለችኝ እንዳትል።»

ምን እንደሚመርጥ ደረጃውን ሳንወርድ አውቄዋለሁ። ስም ማውረድ ያከስራል፤ እውነት መናገር ግን ምንም አያስወጣም፣ እንዲያውም ያስጨበጭባል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ያው የሬዲዮ ፕሮግራም እንደገና አቀረበው። አክስቴና እኔ ወጥ ቤት ነበርን። ነገም ነበር፤ አዎ፣ ቧንቧ ሠራተኛው። ከስንት ልመና በኋላ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሊሠራ መጥቶ፣ ከማጠቢያው ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል።

አጎቴ አሳምሮ ተናገረ፤ አሳምሮ መናገሩ ነው ያናደደኝ። ዳገቱን፣ የወደቀውን ብሎን፣ የተሳፋሪውን ስድብ፣ ልትጠልቅ ያለችውን ፀሐይ አንዱንም አልረሳም። «ያቺ ሴት እህቴ ናት፤ አሳዳጊዬም ናት፤ ዛሬም ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ጋዜጠኛዋ አፍንጫዋን ስትጠራርግ በሬዲዮው ተሰማ። አክስቴ ፊቷ አልተለወጠም፤ ፎጣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

ነገ ከማጠቢያው ሥር እየተሳበ ወጣ። ዓይኑ እርጥብ ነው።

«አይ እትዬ! ለካ ብሎን እርስዎ ነዎት! እኔ እኮ ዝም ብዬ... እንዴት ያለ ታሪክ ነው እትዬ ብሎን!»

«ምን አልከኝ?»

«እትዬ ብሎን ነዋ! እኔም አለሁበት እኮ እዚያ ፊልም ላይ። ተስፋ ነኝ፤ ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ተናግሯል።»

«አንተ ተስፋ አይደለህም፤ ዋሾ ነህ! ውጣልኝ!»

«ኧረ ቧንቧው አልተጠገነም...»

«ነገ ና!»

መፍቻውን ሰብስቦ እየተደናበረ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት እንስቅበት ነበር። አክስቴ ግን ሬዲዮውን ከሶኬቱ ነቅላ፣ ሽቦውን ጠቅልላ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወረችው።

«አሁንም ተናደድሽ?» አልኳት። እኔም ግራ ገብቶኝ ድምፄ ከፍ አለ። «ተናገር አልሽው፣ ተናገረ። እውነቱን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

«የቱን እውነት?»

«የብሎኑን ነዋ! ብሎኑን ስላገኘሽለት አይደል ብሎን ያለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ፊልሙ ከታየ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ፈታ አለ። ንዴቱ ግን ከዓይኗ አልወረደም።

«እሱ ለእንግዳ የሚነገረው ነው» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው ሲጠይቅ የሚባል ነገር መኖር አለበት፤ ያንን እንላለን። ወንድሜ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሰማው ሳሎን የሚወራውን ነው። መኝታ ቤት በር ተዘግቶ የተባለውን ከየት ያመጣዋል?»

«እና እውነተኛው ምንድን ነው?»

«እውነተኛውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል።» ፎጣውን አጥፋ ጨረሰች፤ ጠርዙን በመዳፏ ጫን አድርጋ ደረቱ እንደተተኮሰ ሸሚዝ አስተካከለችው። «ሌላኛዋ ደግሞ በሬዲዮ አትናገርም። ዳክዬዋን ይውሰዳት። ለእሱ ግን ንገረው፤ ይቅር አላልኩህም ብላለች በለው። ስሜ ስለተወሰደብኝ ሳይሆን ሊወስድ እጁን ስለዘረጋ።»

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ጫማዋ አንዱ ከዚያም ሌላው መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። መንጎራደዷን ጠበቅሁ። የሚሰማው ያልተጠገነው ቧንቧ ጠብታ ብቻ ነው። ጆሮዬን ወደ በሩ ሳስጠጋ ታንኮራፋለች። ፀሐይዋ ገና ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ናት፤ ሰዓቱን አየሁት፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።