የካፒቴኑ ቀይ ቡሎኖች

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ ሰሞን እንጀራዬ በጣሊያኖቹ ጋራዥ መኪና መቀባት ነበር፤ ምን ይደረግ! አንዱ ካፒቴን የመኪናውን የጎማ ቡሎኖች ነጭ ቀባልኝ ይለኛል፤ እቀባለሁ፤ መፍቻ በነካቸው ቁጥር ይላጣሉ። በመጨረሻ ሽጉጡን እያሳየ ጮኸብኝ።

ቢጨንቀኝ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን፣

"የትኛው መኪና ነው?" አሉኝ።

"ደምበጫ የሚመላለሰው።"

"እንግዲያው ነጩን ተወው፤ ጭቃ አይችልም። አረንጓዴም ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል። ቀይ ይሁን ልጄ፤ ከሩቅ ይታያል።"

ቀይ አፈር በተልባ ዘይት አፈሉና ፈትቼ ያመጣሁላቸውን ቡሎኖች በእሳት አግለው ነከሯቸው። በጥፍሬ ብል፣ በቢላ ብል፣ ቀለሙ ወይ ፍንክች!

ካፒቴኑ ደስታው ወሰን አጣ። አጠገቡ አስቀምጦኝ ወደ ደምበጫ ነዳ። አማኑኤል ከተማን እንዳለፍን አርበኞች ከየቁጥቋጦው ብቅ ብለው መንገዱን ዘጉት። ካፒቴኑ እጁን ሰቀለ፤ እኔም አብሬ ሰቀልኩ። አለቃቸው ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ በቀጥታ ወደ ጎማው ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ቡሎኑን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ቀና ሲሉ መሪጌታ ናቸው!

"አየህ፣ ንክች አላለም!" አሉኝ ፊታቸው እየበራ። "በል አሁን መፍቻህን አምጣና ጎማዎቹን ፍታልን። ታዲያ ቀለሙን እንዳትጭረው!"