ለአያ ዘመኑ ምን ይሰጣል?

ወረታ ውስጥ ከአያ ዘመኑ ቤት ፊት ለፊት ልብስ ስሰፋ ዓመታት አለፉ። ፎቶ አንሺ ናቸው። የዚህን ከተማ ሙሽራ፣ መታወቂያ ፈላጊ፣ ክርስትና የተነሣ ሕፃን ሁሉ አንሥተዋል። አሁን ሁሉም በየስልኩ ስለሚነሣ እርሳቸው ዘንድ የሚመጣው በአብዛኛው ሐዘንተኛ ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው አድጎ ፍሬም ይገባለትና የቅርብ ዘመዱ በደረቱ ይዞት ያለቅሳል። ያንን የሚያዘጋጁት አያ ዘመኑ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልጅም አልወለዱ። ማታ ሱቄን ስዘጋ "ትሄዳለህ እንግዲህ?" ይሉኛል። በየቀኑ ይሉኛል፤ በየቀኑም አንጀቴን ይበሉታል።

ሠርካለም በከተማችን አቅራቢያ ያለችው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ ናት። አምና ክረምት ባሏ አያልነህ ሲሞት ለብቻው የተነሣው ፎቶ አልነበረውም፤ የተገኘው በሰው ሰርግ ላይ ከድንኳን ጥግ ቆሞ ሲስቅ ነው። አያ ዘመኑ ከዚያ ቆርጠው አሳደጉት። ለአርባው፣ ሜዳው ውኃ ተኝቶበት መንገዱ በጠፋበት ሰሞን፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው በእግራቸው አደረሱላት።

ይህ ከልቧ አልወጣም። ዘንድሮ ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ እኔ ዘንድ መጣች።

"ለአያ ዘመኑ ምን ልስጣቸው?"

"ዶሮ።"

"ማን ይሠራላቸዋል?"

"እንግዲያው ሩዝ።"

"ፎገራ ላይ ሩዝ! አንተ ደግሞ።"

"ጋቢስ?"

"ጋቢማ አላቸው፣ አየሁት እኮ።" ከዚያ በግድግዳቸው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች አሻግራ አየችና፣ "የእርሳቸው የታለ?" አለች።

እውነቷን ነው፣ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት አፍጥጬባቸው ስውል እኔ ልብ አላልኩትም። ቢሆንም ሐሳቡን አልወደድኩትም፤ ለሽማግሌ ሆድ የሚሞላ ነገር ይሻላል ባይ ነኝ። ሴትዮዋ ግን ካለች አለች ነው። አያ ዘመኑ በራቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ፣ ከስፌት ማሽኔ ኋላ ሆኜ ሳያውቁ በስልኬ አነሣኋቸው። እሷም ሌላ ፎቶ ቤት ወስዳ አሳደገችው።

በገበያ ቀን ፍሬሙ ደረሰላት። ሠርካለም አሁንም ጥቁር ለባሽ ናት። መስታወቱ እንዳይሰበር ፎቶውን በደረቷ አቅፋ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ፣ በደጃችን በተዘረጋው ገበያ መካከል መጣች። ለእሷ ስጦታ ነው። ያየ ሁሉ ግን ያየው ሌላ ነው።

ባጃጆቹ ቆሙ። አንድ ቄስ አማተቡ። "ዘመኑ ሞቱ እንዴ?" "ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ" ሲባል እሰማለሁ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ብድግ ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና፣ "ለቅሶው የት ነው? ማን ዘንድ ነው የምንሄድ?" ብላ ጠየቀች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዘመዳቸው እገሌ ነው ብሎ ስም የሚጠራ አልተገኘም።

አያ ዘመኑ በራቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ሠርካለም የሆነው ሲገባት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ደረሰች።

"አፈር ስሆን አያ! ለሟርት ብዬ አይደለም፤ ስጦታ ነው!"

ሰዉ ተሳሳቀና ወደ ገበያው ተበተነ። እርሳቸው አልሳቁም። ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት።

"አርጅቻለሁ ለካ" አሉ። ቀጥለውም "መልካም ተነሥቷል" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ መስቀያ ሚስማርና መዶሻ ላመጣ ስሮጥ "ተው፣ አትልፋ" ብለው አስቆሙኝ። ፎቶውን መልሰው ለሠርካለም ሰጧት።

ፊቷ ጠቆረ። "ቅር አሰኘሁዎት?"

"የለም ልጄ። እኔ ዘንድ ከተሰቀለ የዚያን ቀን ማን ያወርደዋል? ሰማሽ አይደል፣ የሚሄዱበት ቤት ሲጠፋቸው? አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ስሞት ይዘሽልኝ ነይ።"

እኔ ወደ ማሽኔ ዞርኩ፤ እንባዬን እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም።

"እሺ፣ አባቴ" አለች ሠርካለም። ከዚያም ሰው እንዳያየው የፎቶውን ፊት ወደ ደረቷ አዙራ አቀፈችና ወደ ቁሐር ሚካኤል መንገዷን ቀጠለች።