ሊባኖስ ወደ ኋላ የቆመበት እሁድ

የእህቴ ልጅ ሊባኖስ ዊኬት ጠባቂ ነው ስል የእኛ ሰው ግማሹ የሆነ ድርጅት ዘበኛ ይመስለዋል። ግማሹ ደግሞ ከእግር ኳስ በረኛ ጋር ያምታታዋል። ስለዚህ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ክሪኬት በሚባለው ጨዋታ መቺው ዱላውን ይዞ ከሦስት ቋሚ እንጨቶች ፊት ይቆማል። ወርዋሪው ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ እንደ ድንጋይ የጠጠረች ኳስ ይለቅበታል። ዊኬት የሚባሉት እነዚያ እንጨቶች ናቸው፤ ጠባቂው ከኋላቸው ቁጢጥ ብሎ መቺው የሳታትን ኳስ ሁሉ ይቀልባል። ሲቀልብ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲያመልጠው ግን የማያየው የለም።

ሊባኖስ አምስተርዳም የመጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ኒው ዌስት በሚባለው ሰፈር ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ሲኖሩ፣ ታች ያሉት የፓኪስታን ልጆች ከኋላ የሚቆምላቸው አጥተው ጓንት አጠለቁለት። በዚያው ቀረ። አድጎ በዘ ሄግ አንድ ክለብ ገባ፤ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግም ስሙን ተከለ። በሳምንቱ ቀናት ሆቴል ውስጥ ቁርስ ያቀርባል፣ እሁድ ይጫወታል። ሾፌሩ እኔ ነበርኩ። ልቅሶ ቤት የሚያገኘው ሁሉ «አሁንም ያን የእንጨት ጨዋታ አልተውክም? ሩጫ አይሻልህም ነበር?» ይለዋል፤ እኔ እበሽቃለሁ፣ እሱ ይስቃል።

ስም ያወጣለት ድፍረቱ ነው። ሌሎች ጠባቂዎች ፈጣን ወርዋሪ ሲመጣ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሊባኖስ እንጨቶቹ ሥር ተለጥፎ ይጠብቃል። መቺው ፊቱ ከተሰመረው መስመር ትንሽ ወጣ ብሎ ኳሷን ከሳታት፣ ሊባኖስ ቀልቦ እንጨቱን ነካ ያደርጋል፤ መቺው በቃ፣ ከጨዋታ ወጣ። የዚህ ዋጋ ደም ነው። አፍንጫው ተሰብሯል፣ ከንፈሩ ተተልትሏል፣ ጣቶቹም ተጣመዋል። ሸሚዙ ሳይደማ የተመለሰበትን እሁድ አላስታውስም።

ሊባኖስ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የብሔራዊ ቡድኑ ዊኬት ጠባቂ ጨዋታ አቆመ። የቡድኑ ተጫዋች መራጭ እሱን ለማየት ሮተርዳም ወደሚጫወቱት ጨዋታ እንደሚመጣ ተነገረው። ነሐሴ ውስጥ፣ እሁድ ቀን። መኪና ውስጥ ነገረኝ።

«ጋሼ፣ ለማማ እንዳትነግራት። ካልተመረጥኩ ታዝናለች፤ ሐዘን ደግሞ አሁን አይሆናትም» አለኝ። አንተ ነው የሚለኝ፣ እዚህ ያደገ ልጅ አይደል።

እህቴ አበባይሽ ያን ዓመት ካንሰር ይዟት በመከራ ነው የተረፈችው። በሕመሟ ጊዜ ተስላ ነበር፤ ከዳነች በፍልሰታ እሁድ ከልጇ ጋር አብራ ልትቆርብ። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ቀን ቆረጠች። ቀኑ ያ እሁድ ሆነ።

ሊባኖስ ሰማ፤ «እሺ፣ ማማ» አለ። የመራጩን ነገር አላነሳባትም። እናቱ ከሞት ተመልሳ ስለቷን ልታደርስ ነው፣ እሱ የጨዋታ ወሬ ሊያወራ ነው? ከእኛ ልጅ ይህ አይጠበቅም። ሁለቱንም አደርሳለሁ ብሎ አሰበ።

በጠዋት ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ቆረቡ። አበባይሽ በነጭ ነጠላዋ ታበራ ነበር። ልጇ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ወጣ፤ በሩ ላይ ያዘችው።

«እንዳትተፋ። ገላህን እንዳትታጠብ። ደምህ እንዳይፈስ፣ አደራ። ለምን ዛሬ ኳሱ አይቀርብህም?»

«ሰው ጎድሎባቸዋል፣ ማማ። ቶሎ እመለሳለሁ።»

ሜዳው ላይ ያየሁት ሊባኖስ የማውቀው ሊባኖስ አልነበረም። ከእንጨቶቹ ሸሽቶ ወደ ኋላ ቆመ። አምበሉ ያስፐር በእጁ ቅረብ ቅረብ አለው። አንድ እርምጃ ቀርቦ ተመልሶ ሸሸ። አቧራ አፉ ሲገባ እንኳ አልተፋም፤ ዋጠው። ቀስ ብሎ የሚወረውረው ልጅ ተራ ሲደርስ ያስፐር ጮኸ፤ በዘገምተኛ ወርዋሪ ጊዜ ፈሪውም ጠባቂ ይቀርባልና። ሊባኖስ አልቀረበም። መቺው ከመስመሩ ወጥቶ ኳሷን ፈጽሞ ሳታት። ሊባኖስ ሩቅ ነበር። መቺው ዘወር ብሎ አየና ዝም ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ስህተት ደገመ፤ ያንኑ ምሕረት አገኘ። ጨዋታውን ያሸነፈውም እሱ ነው።

መራጩ ጨዋታው ሳያልቅ ሄደ።

ያስፐር ተናዶ ሲጠይቀው ሊባኖስ እውነቱን ነገረው፤ ዛሬ ቆርቤያለሁ፣ መድማት አልችልም አለው። ያስፐር ደግ ሰው ነው፣ ለመራጩ ደውሎ አስረዳ። መራጩ «እምነቱን አከብራለሁ። ግን እኛም የምንጫወተው እሁድ ነው» አለ። አክብሮ ጣለው። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ተመረጠ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ላጽናናው ብሞክር «ላት ማር፣ ጋሼ፣ ተወው» አለኝ። አበባይሽ በሩ ላይ ተቀብላ እጆቹን አገላብጣ አየች።

«አልደማህም?»

«አልደማሁም።»

«ተመስገን!» ብላ ጉንጩን ሳመችው።

ከዚያ በኋላ ክለቡም ወደ ሁለተኛው ቡድን አወረደው። በዓመቱ ሳቁ ጠፋ፣ ንግግሩም አጠረ። አበባይሽ ልጄን ምን አገኘብኝ እያለች ስታለቅስብኝ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት።

እንባዋን ጠረገች።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አለች። «ፍልሰታ ያን ዓመት ሁለት እሁድ ነበራት እኮ። በሁለተኛው እንቆርብ ነበር። ስሳል ፍልሰታ አልኩ እንጂ ያን እሁድ መች አልኩ? አባ እንኳ የትኛው ይመችሻል ብለውኝ ነበር።»

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። እናት እንዳታዝን ልጅ ዝም አለ፣ ልጅ አደራ ብሎኝ እኔ ዝም አልኩ፣ እሷም ልጇን ሳትጠይቅ ቀን ቆረጠች። ሦስታችንም በፍቅር ነው እንዲህ ያደረግነው። እሱ እስከ ዛሬ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም ብሎ ነው የቆመው፤ ይህቺን አትውሰጂበት፣ እባክሽ አትንገሪው ብዬ ለመንኳት።

ነገረችው። እናት ናት፣ ይቅርታ ልትጠይቀው ፈለገች።

የሚቀጥለው እሁድ እንደ ሁልጊዜው ልወስደው በሩ ላይ መኪናዬን አቁሜ ደወልኩለት።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ፣ ጋሼ?» አለኝ።

የመኪናውን ሞተር አጠፋሁ። ያን እሁድ ሜዳም አልሄደ፣ ቤተ ክርስቲያንም አልሄደ።