የፋዲላ ቡና እና ባለሥዕሉ ፓኬት

ፋዲላ ቡና ስትቆላ አይወራም። በ1974 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ ወሬ የማስቆም ሥልጣን የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ሱቋ ቡናው በሚሽከረከረው በርሜል ውስጥ መንጣጣት ሲጀምር መዳፏን ትዘረጋለች። የማን ሚስት ከማን ጋር እንደታየች የሚተርክ ሰው እንኳ ቀሪውን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። የምትቆላው በጆሮዋ ነዋ! "አሁን!" ብላ ስትገለብጠው ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜም በዚያች ዝምታ መሀል ትንሽ አብጦ።

ከደሴ የመጣችው ከባሏ ጋር ነው። በርሜሉን የሠራላትም እሱ ነበር። ሌላ አግብቶ ወደ አሰላ ሲሄድ "ምን ልተውልሽ?" ቢላት፣ "በርሜሉን። እሱ ሲሞቀው ይናገራል፤ አንተ ሲሞቅህ ትጠፋለህ" አለችው ይባላል። ስትናገር የሰማት አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ሰባት ደርሰዋል።

ከምትቆላው ግማሹን የሚወስደው የመንግሥት ሆቴሉ ነበር። ሆቴሉ ከቀረባት ቀበሌው በኮታ የሚሰጣትን ጥሬ ቡና ይቀንስባታል፤ ያኔ ሱቁን መዝጋት ነው። ስለዚህ "ፈገግታ ቡና" የሚባለው ፓኬት ከተማ የገባ ዕለት ፋዲላ ፈገግ አላለችም።

ፓኬቱ ቀይ ነው፤ ላዩ ላይ ጥርሷ የማያልቅ ሴት ትስቃለች። ሬዲዮኑ ከዜና በፊት ያነሳዋል፣ ከዜና በኋላ ይደግመዋል። ድምፅ ማጉያ የጫነች ላንድሮቨር ደግሞ "ፈገግታ ቡና! የጠጣ ሁሉ ይስቃል!" እያለች ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው ትዞራለች። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች ወዲያው "ዋጋውን የጠየቀ ግን ያለቅሳል!" የምትል ጨመሩባት።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ራህመቶ ፓኬቱን እንዲገዛ ከበላይ ተመክሯል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው ነው። አንድ ጠባይ ነበረው፤ የሰው አማርኛ ሳያርም አያድርም። "ሻይ ስጠኝ" ብትለው "በስኳር ወይስ ያለ ስኳር የሚለው ተጓድሏል" ይልሃል።

"በአድልዎ አልወስንም" አላት ፋዲላን። "ሦስት ሰው ይቅመስ። የማን እንደሆነ ሳያውቁ ይፍረዱ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። አንቺ ግን በር ላይ ተቀመጪ፣ ድምፅ እንዳታሰሚ።"

"መቀመጡ ይቻላል" አለች።

ሁለቱንም ራሱ አፈላና ስኒዎቹ ሥር ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አኖረ። አንደኛው የፋዲላ፣ ሁለተኛው የፓኬቱ።

መጀመሪያ የቀመሰው አስተማሪው ዘገዬ ነው። "ሁለተኛው ይሻለኛል። ቀለል ያለ ነው፤ ልቤን አይመታኝም።" ቀጥላ የሆቴሉ ወጥ ቤት ጉዲቱ። "አንደኛው! ሌላውን ዕቃ ላጥብበት እንደሆን እንጃ።"

አንድ ለአንድ። የቀሩት ኦቦ ጆቴ ናቸው፤ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛቸው አጭር ነው። ቡናን የሚለኩትም በመንገድ ነው፤ ጥሩው መተሐራ ድረስ ከምላሳቸው አይለቅም፣ መናኛው ወለንጪቲ ሳይደርሱ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ስኒ ቀመሱና አስቀመጡት። ሌላውን ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሁለተኛ ነው" አሉ።

ጓድ ራህመቶ ጻፈ፤ ከዚያ ቆመና አወጀ። "በሁለት ድምፅ ለአንድ፣ ፈገግታ ቡና ተመርጧል!"

ፋዲላ ከበሩ ተነሳች። ፊቷ ነጥቶ ከነጠላዋ አይለይም። "እኔም ልቅመሰው" አለች።

"ምርጫው አልቋል እኮ።"

"ልቃወም አይደለም ጓድ። ምን እንዳሸነፈኝ ልወቅ።"

ሰጧት። አንዴ ፉት አለች፤ ዓይኗን ጨፍና ደገመች። "እውነቴን ነው፣ ፍሬው ከእኔ ፍሬ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ፍሬ ቀበሌው አሳይቶኝም አያውቅ። ቆሊውም አላሳረረውም፤ እጁ ይባረክ። ግን ከተፈጨ ስንት ወሩ ነው?"

ራህመቶ ፓኬቱን አገላብጦ አየ። ቀን የለበትም።

"አየህ፣ ያላረጀችው ሴትዮዋ ብቻ ናት" አለች። ጉዲቱ በሻሽዋ አፏን ያዘች። "ፍሬው ደህና ሆኖ ሳለ ሽታው ፓኬቱ ውስጥ አልቋል። ይሁን፣ ኦቦ ጆቴ ከመረጡት..."

"ማን? እኔ?" ኦቦ ጆቴ ኮፍያቸውን አነሱ። "እኔ መቼ መረጥኩ?"

"'ሁለተኛው ነው' ብለዋል፤ እዚህ ተጽፏል" አለ ራህመቶ።

"ሁለተኛው አላልኩም! ሁለተኛ አልኩ! አንደኛው ወርዶ አልቆ፣ ውሃ ጨምረው የሚያፈሉት... ምን ትሉታላችሁ?"

"ቶና!" ጮኸች ጉዲቱ።

"እሱ! ቶና ነው፣ ቀጥኗል አልኩ። ይሄ ወለንጪቲ ይደርሳል? ኬላው ላይ ያልቃል!"

ሁሉም ወደ ራህመቶ ዞረ፤ ራህመቶ ወደ መዝገቡ።

"የ'ው' ነገር..." አለ ቀስ ብሎ። "አረፍተ ነገሩ ጎደሎ መስሎኝ... አርሜላቸው ነው።"

"ልጄ፣" አሉ ኦቦ ጆቴ፣ "የእኔ አማርኛ ትንሽ ናት፤ ግን ሙሉ ናት። አትጨምርባት።"

ዘገዬ እስኪያስለው ሳቀ። ራህመቶ ግን አልተቆጣም፤ እንዲያውም እንደ ድሮ ተማሪዎቹ አንገቱን ደፋ። ቀይ እስክሪብቶ አወጣና "ው"ን በአንድ ሰረዝ ቆረጣት። ዳሩ ላይ "አንድ ፊደል በስሕተት ስለገባ ተሰርዟል" ብሎ ጻፈ፤ ሦስቱም ፈረሙበት። ፈገግታ ቡና አንድ፣ ፋዲላ ሁለት ሆነ።

"ለበላይ ምን ትላለህ?" አለው ዘገዬ።

"ቃለ ጉባኤው ይመልስ። ፊርማ አለበት።" ከዚያ ወደ ፋዲላ ዞረ። "ነገ ሁለት መቶ የስብሰባ ተሳታፊ ይመጣል። ትችያለሽ?"

ፋዲላ ነጠላዋን መታጠቅ ጀምራለች። "ስንት ሰዓት ላይ ይጠጣሉ?"

"ሦስት ሰዓት።"

"እንግዲያው ሁለት ሰዓት ላይ ይፈጫል፤ ከዚያ በፊት አንዲት ፍሬ አልፈጭም" አለችና ልትቆላ እየተቻኮለች ወጣች።