ቁጥር የተቀረጸበት ብዕር

በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ብሎክ፣ ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ የጥሪ ካርዱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ይሉኛል፤ ያምራልም፤ በዚህ ነገር ትሕትና አላውቅም። ካርዱ ማተሚያ ቤት ታትሞ ይመጣል፣ በፖስታው ላይ ያለው የእንግዳው ስም ግን በእጅ መጻፍ አለበት። ዛሬ ሰው በቴሌግራም ይጠራራል፤ ቢሆንም ለአማት፣ ለአበልጅ፣ ለመሥሪያ ቤት አለቃ ጥሪ በስልክ መላክ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ስለዚህ ጥር ሊገባ ሲል የምግብ ጠረጴዛችን በፖስታ ይሞላና ምሳ የምንበላበት ቦታ እናጣለን። ባለቤቴ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እየበላ «የሰው ሠርግ እኛን በረሃብ ሊጨርሰን ነው» ይላል።

ብዕሩን ያየሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ካርድና የጽሕፈት ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ውስጥ ነው። የገባሁት እስክሪብቶ ልገዛ ነበር። ባለሱቁ የለመድኩትን ጥቁር እስክሪብቶ ሲፈልግልኝ፣ ከመስታወቱ ሥር ክዳኑ የተከፈተ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ አየሁት። ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበት ብዕር ነው። መልኩ ደማቅ አረንጓዴ፣ ወገቡ ላይ ቀጭን የወርቅ ቀለበት ያለው፣ ቀለበቱም ላይ ቁጥር የተቀረጸበት።

«ቁጥሩ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ይኼ እንደ ሌላው ዝም ብሎ የሚመረት አይደለም። በቁጥር ነው የተሠራው፤ ካለቀ አለቀ፣ ፋብሪካው አይደግመውም። አንድ ደንበኛዬ አስመጣልኝ ብሎ ሳይወስደው ቀረ።»

ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅሁ። እሱም አብሮኝ ሳቀ፤ ግን አልቀነሰም።

«መሞከር እንኳ በነጻ ነው» ብሎ ቀለም ሞላበትና ወረቀት አቀረበልኝ። የእኔ እጅ ብዕር ሲይዝ የሚጽፈው የታወቀ ነው፤ «ለክቡር አቶ» ብዬ ጀመርኩ። የብዕሩ ጫፍ ጠፍጠፍ ተደርጎ የተቆረጠ ስለሆነ ወደ ታች ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የ«ለ» ሁለት እግሮች ወፈር ብለው ቆሙ፣ ጀርባዋ ደግሞ እንደ ክር ቀጠነ። ልጅ ሆኜ የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬ በመቃ ሲጽፉ የማየው ፊደል እንዲህ ነበር። እኔ በእስክሪብቶ መስመር ደራርቤ ለማምጣት ስንት ዓመት የታገልኩትን ነገር ብዕሩ በአንድ ጊዜ አመጣው። ደስ አለኝ። ሌላ ምን እላለሁ፣ ደስ አለኝ።

በዚያ ሰሞን እቁብ ደርሶኝ ነበር። ገንዘቡ ግን የሶፋ ነው። የእኛ ሶፋ መሃሉ ሰምጧል፤ ወፈር ያለ እንግዳ ከተቀመጠበት ለመነሳት ረዳት ይፈልጋል። የብዕሩ ዋጋ ደግሞ አንድ ሶፋ ነው፣ ከነትራሱ። ይህንኑ ለባለሱቁ ሳልደብቅ ነገርኩት።

«ይውሰዱትና እስከ ቅዳሜ ይጻፉበት» አለኝ። «ካልሆነልዎት ይመልሱልኛል። ዛሬ ነው እንዴ የምንተዋወቀው?»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ብዕሩን እያገላበጠ አየውና «በዚህ ዋጋ ራሱ ይጽፋል ወይስ አሁንም የምትጽፊው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ለሰፈሩ ካርድ ነው፤ ሥራውን ያሳምረዋል።»

«እንግዲያው ሰፈሩ ያዋጣልሽ።»

ዕቃ እያጠብኩ፣ ታክሲ እየጠበቅሁ ምክንያት ስደረድር ሰነበትኩ። ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዋጋው አይወርድም። ካርዶቹ ያምራሉ። ልቤ ግን በአንዱም አላመነም።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስለ ውሃ ፓምፑ የብሎካችን ስብሰባ ነበር። ብዕሩን ቤት ትቼ መውጣት ስላልሆነልኝ በቦርሳዬ ይዤው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰብሳቢው ስም የሚመዘገብበትን ወረቀት አውጥተው «እስክሪብቶ ያለው?» ሲሉ የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። «እሷ አታጣም» አለ አንዱ። በእኛ ሰፈር እስክሪብቶ የለኝም ብሎ መዋሸት ውሃ እንደ መከልከል ነው። ቅር እያለኝ አውጥቼ ሰጠሁ።

መጀመሪያ የደረሳቸው ምድር ቤት የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ገልብጠው ያዙትና ካርቦን ባለው ደረሰኝ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ተጫኑት። «ደርቋል» ብለው ሲያራግፉት የቀለም ጠብታ የጎረቤታቸው ነጠላ ላይ አረፈ። ከዚያ እግራቸውን አነሱ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እንቢ ያለ እስክሪብቶ ጫማ ሶል ላይ ካልተፈተገ አይጽፍም፣ ሁላችንም ያደግንበት ጥበብ ነው።

«ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸው ላይ ደርሼ ብዕሩን አቃናሁላቸው። «አባባ፣ አይጫኑት፤ ዝም ብሎ ወረቀቱን ይንካ።» ጻፉ። ጽፈው ሲያበቁ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩትና «እጄ እንዲህ ያውቅ ኖሯል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ከወንበር ወንበር አብሬው ዞርኩ። እንደ ልማዱ ሞነጫጭሮ የፈረመ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሙሉ ስሙን ቀስ ብሎ ጻፈ፣ የፓምፑም ነገር እስኪጀመር መሸ። ከላይ ፎቅ ያለችው ጡረተኛ ነርስ ብዕሩን ስትመልስልኝ «ልጆችሽን እንኳ እንዲህ አልጠበቅሽም» ብላ አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ።

ቅዳሜ ወደ ሱቁ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ለባለሱቁ ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ ጫፉን መረመረ፣ ጻፈበት። «ምንም አልሆነም፤ መመለስ ይችላሉ» አለና ከመሳቢያ አንድ ተራ ጥቁር ብዕር አወጣ። «ይኼም የዚያው ፋብሪካ ነው፣ ጫፉም አንድ ነው። ለካርድ ከሆነ ይኼ ይበቃዎታል፤ ቁጥርና ወርቅ የለውም እንጂ። ከሶፋውም ጋር አያጣላዎትም።»

ሞከርኩት። እውነቱን ነው፤ «ለ» ያው ናት፣ እግሯም ያው ነው። የደረደርኩት ምክንያት በሙሉ እዚያው አለቀ። ሶፋም ብዕርም ማግኘት ስችል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባለሱቁ አረንጓዴውን ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቶ ክዳኑን ሊገጥም ሲል ግን እጄን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ።

«ቆይ» አልኩት። «ለካርድ አይደለም። ለራሴ ነው። ስለወደድኩት ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደብተር የምትገዛ ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ብዬ አላውቅም። የምገዛው ሁልጊዜ ለቤት፣ ለልጆች፣ ለእንግዳ ነው፤ የክት ጫማ እንኳ ስገዛ ሠርግ አለብኝ እላለሁ። ባለሱቁ ብሩን ቆጥሮ ተቀበለኝ። ሳጥኑን በወረቀት ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ «ስንት ሆነ በመጨረሻ?» አለኝ። እኛ ሴቶች ለቤት ሰው ዋጋ ስንናገር ቀነስ ማድረግ ልማዳችን ነው። ያን ቀን ሳላጎድል ነገርኩት።

ወደ ሰመጠው ሶፋ ዞር ብሎ አየ። «ሶፋውስ?»

«ይቆያል።»

አየኝ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ፖስታዎች ገፋ አድርጎ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀመጠልኝ። «በይ እስቲ ስሜን ጻፊልኝና እንየው።»

«ተራህን ጠብቅ» አልኩትና ቁጭ ብዬ የራሴን ጻፍኩ፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ስሜ እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም ነበር።