ጥዱን የያዘልን ዛፍ

እዚህ አሜሪካ፣ ስኮትዴል ያለውን ቤት ልንገዛ ያየን ቀን ባለቤቴ ወጥ ቤቱን ስትመረምር እኔ ጓሮ በር ላይ ቆሜ ዛፉን አያለሁ። ጥር ነበር። ሌላው ዛፍ ሁሉ ራቁቱን ቀርቷል፤ እሱ ብቻ የደረቀ ቅጠሉን አላራግፍም ብሎ ይዟል። ቅጠሉ የገለባ መልክ አለው፤ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ግንዱ ልሙጥ፣ አመድማ፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ነው። ደላላው "ቢች ነው" ሲለኝ ስለ ባሕር ዳርቻ ያወራ መስሎኝ "የት?" አልኩት። ለካ የዛፉ ስም ነው።

ባለቤቴ ከመጀመሪያው አልወደደችውም። ከቅርንጫፎቹ ትልቁ ወደ ቤቱ አልፎ በልጃችን መኝታ ክፍል ጣሪያ ላይ ተዘርግቷል። ከሥሩም ምንም አያበቅልም። ሚያዝያ ላይ ጎመንና በሶብላ ተከለች፤ ጥላው ዋጠው። ጠለቅ አድርጋ ልቆፍር ስትል አካፋው ከሥር ጋር ይጋጫል፤ የቢች ሥር ብዙ ወደ ታች አይወርድም፣ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው።

"አስቆርጠው" ትለኛለች። "እስኪወድቅብን ነው የምትጠብቀው?"

እኔ ደግሞ በየቀኑ ይበልጥ እየወደድኩት ሄድኩ። ኮንየርስ ያለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ነው የምነዳው። ቀኑን ሙሉ ካርቶንና ብረት ሳይ ውዬ ስመለስ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ጓሮ ነው። እምቡጡ እንደ ወስፌ ሹል ነው። ሲፈታ ቅጠሉ ተጣጥፎ፣ ጠርዙ ላይ ስስ ጸጉር ይዞ ይወጣል፤ ብርዱን ሙሉ የተንጠለጠለው አሮጌ ቅጠል የሚወድቀው ያኔ ነው። አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት፣ አጥሩን ተደግፈው ይመክሩኛል። "የወደቀውን ቅጠል አትጥረግ፤ ምግቡ እሱ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "አፈርም አትከምርበት። ሥሩ ላይ ከባድ ነገር ከወጣበት አየር ያጥረዋል፤ ሳታውቀው ቀስ እያለ ይሞትብሃል።"

በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ከፍሎሪዳ በኩል ትልቅ አውሎ ነፋስ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የኔም መጋዘን፣ የሷም መሥሪያ ቤት ዘጋ። ስልኮቻችን ማስጠንቀቂያ እየተቀበሉ አሥር ጊዜ ይጮኻሉ። አማቴም፣ የባለቤቴ እናት፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው እኛ ጋ ነበሩ።

"እዚህ አንውልም" አለች ባለቤቴ ጠዋት ላይ። "ኖርክሮስ እህቴ ጋ እንሂድ።"

"መንገድ ላይ ዛፍ እየወደቀ ነው። መኪና ውስጥ ከምንሆን ቤት ይሻላል።"

"ቤት ትለዋለህ? እዚህ ጉድ ሥር?"

"የዛፍ ባለሙያ አምጥቼ አሳየሁሽ እኮ። ደህና ነው አለ።"

"ደህና ይመስላል ነው ያለው። አጠገብህ ቆሜ ነው የሰማሁት።"

እውነቷን ነው። ግን እልህ ያዘኝ። አማቴ ከሶፋው ተነሡ። "ልጆቼ፣ ዛፉን ተዉትና ልጅቷን ከዚያ ክፍል አውጧት" አሉ። የአምስት ዓመት ልጃችንን ከነአሻንጉሊቷ ወደ ሳሎን አመጣናት፤ አራታችንም በፊት በር በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጠጋግተን ተቀመጥን።

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ነፋሱ ለጥቂት ጊዜ ረገብ ይልና ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ባለቤቴ አታየኝም። ነፋሱ በገፋ ቁጥር ዓይኗ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል። እኔም ቢቹ ሲወዛወዝ ባየሁ ቁጥር ምን አስቤ ነው ቤተሰቤን እዚህ ያስቀመጥኩት እላለሁ በሆዴ።

ከዚያ ከኋላ በኩል እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ጮኸ። ቀጥሎ ረጅም የመሰንጠቅ ድምፅ። ባለቤቴ ልጅቷ ላይ ተደፋችባት። አማቴ "እግዚኦ!" አሉ። ጣሪያው እስኪመጣብን ጠበቅን። አልመጣም።

ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩና በመስኮት አየሁ። የወደቀው ቢቹ አይደለም። ማንም ልብ ብሎት የማያውቀው የጎረቤታችን ረጅም ጥድ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደኛ ቤት ወድቋል፤ ቢቹ ባላው ላይ ተቀብሎታል። የጥዱ ጫፍ ከልጄ ክፍል ጣሪያ በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ተንጠልጥሏል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ያቃስታሉ።

"ውጡ! በፊት በር ውጡ!"

በዝናቡ ውስጥ ልጄን አቅፌ፣ ባለቤቴ እናቷን ይዛ፣ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሮጥን። አዛውንቱ በሩን ከፍተው ቆመው እየጠሩን ነበር። እስኪመሽ ድረስ በሳቸው መስኮት እነዚያን የተቃቀፉ ዛፎች ስናይ ዋልን። ከቢቹ ትላልቅ ቅርንጫፎች አንዱ ተገንጥሎ ወደቀ። ግንዱ ግን አልነቃነቅ አለ።

በማግሥቱ ዛፍ ቆራጮች ከባድ መኪና ይዘው መጡ። አለቃቸው ዙሪያውን ዞሮ አየና "ጥዱን ለብቻው ማውረድ ያስቸግራል" አለኝ። "ቢቹም ተጎድቷል። ሁለቱንም ብንጥላቸው ይሻላል።"

ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም ነበር። ያ ሁሉ ፍቅሬ የት እንደገባ አላውቅም፤ "እሺ፣ ጣሉት" አልኩት።

"አይጣልም" አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

ዞሬ አየኋት። "አንቺ እኮ ነሽ..."

"እኔ ነኝ። ትናንት የልጄን ክፍል ያዳነው ማን ነው?" ወደ ሰውዬው ዞረች። "ጥዱን ከላይ ጀምራችሁ እየቆራረጣችሁ አውርዱት። ይሄኛውን አትንኩ።"

ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሾፌሩን በእጁ ጠራው። መኪናው በረጠበው መሬት ላይ ወደ ጓሮ መግባት ሲጀምር ባለቤቴ ሄዳ ከፊቱ ቆመች፤ ከእግሯ ሥር የቢቹ ሥሮች አሉ። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። አልተንቀሳቀሰችም። ያን ሁሉ ጊዜ ከአዛውንቱ ጋር በአጥር ሳወራ ለካ ትሰማን ነበር።

"በሥሩ ላይ አይነዳም!" አለች።

አዛውንቱ በሳቸው ግቢ በኩል እንዲገባ ፈቀዱና አጥሩን አፈረስንለት። አንድ ወጣት በገመድ ወጥቶ ጥዱን ከጫፉ ጀምሮ ይቆርጥ ጀመር። ክብደቱ በቀለለ ቁጥር ቢቹ ይላወሳል፣ ይጮኻል። የመጨረሻው ትልቅ ቁራጭ ሲነሣለት ዛፉ በሙሉ ተፈናጥሮ ቀና አለና ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። ወጣቱ ግንዱን አቅፎ ቀረ። ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ክንዴ ላይ ምልክት ትቶ ነው የለቀቀችኝ። ዛፉ ግን ጸንቶ ቆመ።

በሚቀጥለው ዓመት የላይኛው ቅጠሉ አንሶና ሳስቶ ወጣ፤ ይሞታል ብለን ፈራን። ዝናብ ሲጠፋ ባለቤቴ ከሥራ መልስ የውሃ ጎማውን ስባ ቀስ እያለች ታጠጣዋለች፤ ማንም ሰው ሥሩን እንዲረግጥ አትፈቅድም። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ቅርንጫፍ የተገነጠለበት ጎኑ ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ትወደዋለች አሁን። ሆኖም ነፋስ በርታ ሲል ልጃችንን ወደ ሳሎን ታመጣታለች። እኔም ፍራሿን እስባለሁ፤ አልከራከራትም።